ሳይናገር አትደምስሰው

መምህር ይሄይስ ማረፋቸውን የሰማሁት ይጁቤ ጤና ጣቢያ በር ላይ፣ አምቡላንሷን ላስነሳ ቁልፍ እንደያዝኩ ነው። ሲስተር ብርቱካን በመስኮቱ በኩል መጣችና «አንተነህ፣ መምህር አረፉ» ብላኝ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። አላለቀስኩም። ቁልፉን አዙሬ ዳሽቦርዱን አየሁ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ ቢጫዋ የሞተር መብራት ሳትቀር ሁሉም ጠፉ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቶቹ መጥፋታቸውን ሳላይ እንዳልንቀሳቀስ ያስለመዱኝ እሳቸው ነበሩ።

ደብረ ማርቆስ ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ወሬ ሁሉ ስለ ቁጣቸው ነው። እሳቸው ያልተቆጡት ሹፌር ከተማው ውስጥ አለ ለማለት ያስቸግራል። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር «መኪናዬን ላሳያቸው ሄጄ እንደ ንስሐ አባት መረመሩኝ፤ የሠራሁትን ብቻ ሳይሆን ያሰብኩትንም ልነግራቸው ምንም አልቀረኝ» ሲል ሐዘንተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የኔን ታሪክ ግን እዚያ አላወራሁም፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

መምህር ይሄይስ ረጅም፣ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ፣ ሰማያዊ ጋዋናቸውን በሙቀትም በብርድም እስከ አንገታቸው ቆልፈው የሚለብሱ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው ነው ወደ አስኳላ የዞሩት። የመኪና ኤሌክትሪክ ተምረው ብዙ ዘመን ሲያስተምሩ ኖሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ ከመናኸሪያው ጀርባ ጋራዥ ከፈቱ። ከቅኔ ቤት ይዘውት የወጡት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሁሉ ነገር በቃል ይባላል። ሠልጣኞቻቸው መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት የመኪናውን ሕመም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ይወጡላቸዋል። አንድ ነገር የዘለለ ከራሱ ይጀምራል። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ የተዘለለችው ቦታ ላይ ሲደረስ ጣታቸውን ያነሳሉ። እኛ ሹፌሮች ከኋላቸው «የኔታ ስካነር» እንላቸው ነበር። የሚያውቁ ይመስለኛል።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። የዛሬ መኪና ሞተሩን የሚያዝ ትንሽ ኮምፒዩተር አለው። የሆነ ነገር ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ጥፋቱን በቁጥር መዝግቦ ይይዛል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት ያበራል። ስካነር ሲሰካለት ቁጥሩን ያወጣል። ከፈለጉም ይደመሰሳል፤ መብራቱም ይጠፋል። ጥፋቱ ግን የትም አይሄድም፣ እዚያው ነው። በከተማችን ደምስሶ መብራት የሚያጠፋ ሞልቷል። መምህር ይሄይስ እነዚህን ሰዎች «ደምሳሾች» ነበር የሚሏቸው፣ ሌላ ሰው ሌባ በሚልበት ድምፅ።

አንድ ጊዜ ከቁይ ከተማ የመጣ ነጋዴ ፒክአፑን ሊሸጥ አስቦ «መምህር፣ መብራቷን ብቻ አጥፉልኝ» አላቸው።

«ምን እንዳመመው ሳይናገር አፉን ልያዘው?»

«እዚያ ማዶ ያለው ልጅ ወዲያው ነው የሚያጠፋው እኮ!»

«በል ሂድና ያጥፋልህ። መንገድ ላይ ስትቆም ግን ስልኬን እርሳው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ሰውየው ሄደ፤ ልጁም አጠፋለት። መምህር ቀኑን ሁሉ ተቆጥተው ዋሉ፤ ሠልጣኞቹም ያን ቀን ደጋግመው በቃል የወጡት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሳይናገር አትደምስሰው።

የኛ አምቡላንስ መታመም የጀመረችው በበጋው መግቢያ ነው። ከይጁቤ ወደ ቆላው ወርጄ በሽተኛ ጭኜ ስመለስ፣ ዳገቱ ላይ ድንገት ሞተሯ ጥፍት ይላል። ትንሽ ስትቆይ ትነሳለች። ደግሞ ሌላ ቀን እንደዚያው። ያዩዋት ባለሙያዎች ሁሉ ስካነር ሰክተው ያነበቡት አንድ ነው፤ የኮምፒዩተሩ የማስታወሻ ክፍል ችግር አለበት ይላል። ስለዚህ ፍርዱም አንድ ሆነ፤ ኮምፒዩተሩ ሞቷል፣ ይቀየር። አዲሱ ደግሞ አገር ውስጥ የለም።

መምህር ይሄይስ ብቻ አልተቀበሉም። «ማስታወሻው የተበላሸ ኮምፒዩተርና እህሉ የተቋረጠበት ኮምፒዩተር የሚናገሩት ቃል አንድ ነው» አሉኝ።

«እህሉ ማለት?»

«ኤሌክትሪኩ ነዋ! ሲቋረጥበት የያዘውን ይረሳል። አንተ ቁርስና ምሳ ተከልክለህ ስም ብትረሳ ሞተ ብለን እንቅበርህ?»

ቁልፉን እየከፈቱ እየዘጉ፣ እየከፈቱ እየዘጉ አዩት። ማስታወሻው ራሱ ቢበላሽ ኖሮ ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ወዲያው ይናገር ነበር፤ ይሄ ግን ጊዜ ይመርጣል፣ ስለዚህ በሽታው ከውጭ ነው አሉ። ሽቦውን እየነቀነቁ፣ ባትሪውን እየለኩ ብዙ ደከሙ። ያች ጉደኛ መኪና ግን ጋራዥ በገባች ቁጥር ጤነኛ ትሆናለች። እዚያ ቆማ ስታድር ሞተሯ እንደ ሰዓት ይሄዳል። ቆላ ስንወርድ ደግሞ እንደገና ያማታል።

በዚህ መሀል የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው አቶ ልየው በኔ ላይ ዓይኑ ቀላ። «ሹፌሩ የቆላውን መንገድ ስለጠላ ነው» የሚል ወሬ ደርሶታል። ቢሮው ጠርቶ በዚህ ሳምንት ካልተሠራች አምቡላንሷ ዞን ገብታ እንደምትቆም፣ እኔም ምርመራ እንደሚጠብቀኝ ነገረኝ። የኔ እንጀራ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ያ ሁሉ ቆላ ያለ አምቡላንስ መቅረቱ ነበር፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ያን ዳገት ትወጣለች ማለት ነው። ይህንን ለመምህር ስነግራቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«እንደገና ንገረኝ። ከይጁቤ ስትነሳ ምን ጫንህ?»

«ኦክስጅን፣ ቃሬዛ፣ የሲስተር ብርቱካን ሻንጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቁልቁል መውረድ ነው። ምንም አልጫንኩም። ስመለስ በሽተኛና አስታማሚ።»

ጣታቸውን አላነሱም። የተዘለለ ነገር ያለ አልመሰላቸውም፤ ለኔም አልመሰለኝም።

እዚህ ላይ የምጠቅሰው አንድ ምስጢር ነበረን። መምህር ኩላሊታቸውን ታመው ነበር። ሐኪም ያዘዘላቸውን ይወስዳሉ፤ ከዚያ በተጨማሪ ግን ወደ ቆላው መውረጃ አፋፍ ላይ፣ ከመንገድ ዳር ካለው ጠበል እንዳመጣላቸው ለምነውኛል። «ለማንም እንዳትናገር። እጁ የሚንቀጠቀጥ መርማሪ ማን መኪናውን ይሰጠዋል?» ብለውኝ ነበር። ስመለስ በሽተኛ ስለምይዝ መቆም አልችልም፤ ስወርድ ነው የምወስደው። ጠበሉን የሚጠብቁት እማሆይ የሞላችውን ቢጫ ጀሪካን መንገድ ዳር አውጥተው ይጠብቁኛል፣ እኔ ባዶዋን ሰጥቼ እቀበላቸዋለሁ። ክዳኗ ከጠፋ ቆይቷል፤ አፏ በፌስታል ተጠቅልሎ ነው የሚዘጋው። እንዳትወድቅ ከፊት ወንበር እግር ስር አስቀምጣታለሁ። ለጠበል ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረኝም።

መምህር በመጨረሻ «ጥፋቱ እኔ ፊት ይታይ» ብለው አብረውኝ ሊዞሩ ወሰኑ። በማግስቱ ጠዋት ከጋዋናቸው በላይ ነጠላ ደርበው፣ ስካነራቸውን እንደ ሕፃን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከፊት ተቀመጡ። ብዙም ሳንቆይ ከቆላው ተደወለ። ስመኝ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ልጁ አልወጣም። ሲስተር ብርቱካን ከኋላ ገባች፣ ወረድን። አፋፉ ላይ እማሆይ እንደ ሁልጊዜው ቆመው ነበር። ጀሪካኗን በመስኮት ሲያቀብሉ መምህር በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ተሳልመው፣ እግራቸው ስር አስቀመጧት። መኪናው እንኳ ሙሉ በሙሉ አልቆመም። ቁልቁለቱን እየዞርን ወረድን።

ስመኝን አራት ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋት መንገድ ዳር ደርሰው ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። አማቷ አብረዋት ገቡ። ሲስተር ብርቱካን ሆዷን ዳብሳ፣ አይታ፣ ወደኔ ዞር ስትል ዓይኗ ብቻ በቃኝ፤ ነዳሁ። «ደብረ ማርቆስ ቀዶ ጥገና ካልደረሰች አይሆንም» አለች ቆይታ። ዳገቱን ጀመርን። መምህር የስካነሩን ቁጥር እያነበቡ ለራሳቸው በቃላቸው ያነበንባሉ። አንደኛው መታጠፊያ አለፈ። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ላይ፣ ገደሉ በቀኛችን ሳለ፣ ዳሽቦርዱ በሙሉ በራና ሞተሩ ጸጥ አለ።

ፍሬኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥሁት፣ የእጁንም ሳብሁት። መኪናዋ ትንሽ ወደ ኋላ ሸርተት ብላ ቆመች። ከኋላ የስመኝ ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ የአማቷ «እመቤቴ ድረሽ!» የሚል ድምፅ።

«አንተነህ፣ ደም ጀምሯታል!» አለች ሲስተር ብርቱካን።

እኔ ቁልፉን ባዞረው ባዞረው እምቢ አለ። መምህር ስካነሩን እያዩ «እሱው ነው፣ የማስታወሻው» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ የሰማሁ መሰለኝና ደሜ ፈላ።

«መምህር፣ በእግዚአብሔር፣ ደምስሱትና ይነሳ!»

«ብደመስሰው ይነሳል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ከላይኛው መታጠፊያ ላይ እንደገና ይጠፋብሃል። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይደርቃል፣ ፍሬኑ ይጠነክራል። እዚያ ቦታ ላይ መኪናዋን ማቆም ትችላለህ?»

አልቻልኩም። ያን መታጠፊያ የሚያውቅ ማንም አይችልም። ግን ለመስማት ትዕግሥት አልነበረኝም፤ «ሴትዮዋ እኮ ልትሞት ነው!» ብዬ ጮህሁባቸው። በሕይወቴ እሳቸው ላይ የጮህሁት ያኔ ብቻ ነው። መምህር ጎንበስ አሉና እጃቸውን ከፊት ወንበሩ እግር ስር፣ ከጎን ሽፋኑ ጀርባ፣ ኮምፒዩተሩ ካለበት ቦታ ሰደዱ። የሽቦውን ሶኬት ሊነቀንቁ ነበር። እጃቸው እዚያው ቀረ።

ቀስ ብለው አወጡት። ጣታቸው ረጥቧል።

ምንጣፉን ገለጡት፤ ሥሩ ጭቃ ሆኗል። ጀሪካኗን አዩ፣ አፏ ላይ ያለውን ፌስታል አዩ። ከፌስታሉ ስር ውሃው ቀስ እያለ በጎኗ ይወርዳል። ያን ጊዜ ለሁለታችንም ገባን። ዳገቱ አልነበረም ጥፋተኛው። ቁልቁል ስንወርድ ውሃው ወደ ፊት ፈስሶ ኮምፒዩተሩ ጋ ይጠራቀማል፤ ዳገቱ ላይ የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ጋራዥ ቆማ ስታድር ደግሞ ትደርቃለች። መምህር ፊታቸው ተለዋወጠ። እንደዚያ ያለ ፊት በሳቸው ላይ አይቼ አላውቅም።

«ምን ጫንህ ስልህ...» አሉ።

«ጠበል ጭነት ነው ብዬ አላሰብኩም፣ መምህር።»

«እኔም አላሰብኩም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ከዚያ ወዲያው እንደ ድሮው ጮሁ፦ «የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ! ሲስተር፣ አልኮል አለሽ? ጥጥ አምጪ!»

ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ ባትሪውን ፈታሁ። እሳቸው ሶኬቱን ነቀሉት፤ የብረት ጥርሶቹ፣ ፒኖቹ፣ አረንጓዴ ሆነዋል፣ ከመሀላቸው ውሃ ጠብ ይላል። ሲስተር ብርቱካን በአንድ እጇ ስመኝን ይዛ በሌላው አልኮሉን አቀበለቻቸው። መምህር እያንዳንዱን ፒን በጥጥ አሹት፣ ነፉበት፣ በነጠላቸው ጫፍ አደረቁት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሶኬቱን መልሰው ለመሰካት ሲሞክሩ ሳተ። እንደገና ሳተ። ልርዳ ብዬ እጄን ስዘረጋ «ተው!» አሉኝና በግራ እጃቸው የቀኙን አንጓ ጨብጠው ገጠሙት። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ባትሪውን አሰርሁ፣ ቁልፉን አዞርሁ፣ ተነሳ።

ጀሪካኗን ምን እናድርጋት? ጠበል ሰው በሚረግጠው መንገድ ላይ አይደፋም። የስመኝ አማት እንኳ በዚያ ጭንቅ መሀል «እንዳታፈሱት!» ብለው ጮሁ። መምህር ግማሹን ሰጧቸውና አማቲቱ የምራታቸውን ፊትና ሆድ አራሱበት። የቀረውን መምህር ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ እግራቸውን ከወለሉ አንስተው ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄዱ። ስካነሩ እግራቸው ስር ወድቆ ነበር፤ አላነሱትም።

ስመኝ ቀዶ ጥገና ገባች። እኛ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ቆመን ስንጠብቅ አቶ ልየው በሞተር ሳይክል መጣ። የመምህር ሠልጣኞችም ሰምተው ነበር፣ ተሰብስበዋል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ።

«ኮምፒዩተሩ ውሃ ገብቶበት ነው» አሉ መምህር።

«በበጋ ከየት የመጣ ውሃ? አንተነህ፣ ውስጧን በጎማ እያጠብህ ነበር ማለት ነው?»

መምህርን አየኋቸው። የሳቸውን ሕመም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልናገር? ሠልጣኞቹ ቆመው እየሰሙ? «አዎ፣ ሳጥብ ይሆናል የገባው» ለማለት አፌን ከፈትሁ። መምህር ጣታቸውን አነሱ።

«ልትደመስሰው ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወደ አቶ ልየው ዞሩ። «ውሃው የኔ ጠበል ነው። ኩላሊቴን ታምሜያለሁ፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። አንተነህ የሚያመጣልኝ ለምኜው ነው። እግሬ ስር ያስቀመጥሁት ዛሬ እኔ ነኝ። ባለሙያዎች ሲመረምሩት የከረሙት ጥፋት የኔ ነው፤ ልጁን ተወው።»

አቶ ልየው የራስ ቁሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ፤ የምርመራውን ነገርም ከዚያ ወዲያ አላነሳብኝም። ኋላ ሲስተር ብርቱካን ወጥታ እናትየው መትረፏን፣ ልጁም ዘግይቶም ቢሆን ማልቀሱን ነገረችን። መምህር ግንቡን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያን ዕለት በጣም ወደድኳቸው።

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ደንበኛ እንደፈሩት ቀረባቸው። ሠልጣኞቹ ግን አልቀሩም፤ በቃል በሚወጡት ላይ አንድ ጥያቄ ተጨመረባቸው። ሹፌር ምን ጫንህ ተብሎ ከተናገረ በኋላ «ጠበልስ?» ይባላል። ሹፌሮቹ ይስቃሉ፤ ግን ብዙዎቹ እግራቸው ስር ጎንበስ ብለው ያያሉ። እኔን ደግሞ ጠበል አምጣልኝ ብለውኝ አያውቁም። በአውቶቡስ እየሄዱ፣ አፋፉ ድረስ በእግራቸው ይወርዱ ነበር። ባለፈው ሰሞን እዚያው ጠበሉ አጠገብ ሰነበቱ፤ ብሶባቸው ሲወድቁ የተደወለው ለኔ ነው።

ስደርስ እማሆይ ደግፈዋቸው ነበር። ቃሬዛው ላይ ስናስተኛቸው ጀሪካኗን ደረታቸው ላይ አቅፈው አልለቅም አሉ። አዲስ ክዳን አላት፤ በክዳኑ ላይ ደግሞ ፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ ገመድ። ሲስተር ብርቱካን «መምህር፣ ላስቀምጥልዎ» ብላ ብትለምናቸው እምቢ አሉ። መንገዱን ጀመርን። ከኋላ ደካማ ድምፅ መጣ።

«አንተነህ።»

«አቤት መምህር።»

«መብራቷ?»

«ጠፍታለች።»

«ምን ጫንህ?»

«ኦክስጅን፣ የሲስተርን ሻንጣ፣ እርስዎን።»

በመስታወቱ ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ጣታቸውን ከጀሪካኗ ላይ አንስተዋል።

«ጠበልም፣ መምህር» አልኳቸው። «እርስዎ እቅፍ ውስጥ ነው።»

ጣታቸውን መለሱ። «እሺ» አሉ፣ «እንግዲህ ንዳ።»